ማታ የለጠፍኩት ፕላስተር

በ2017 ዓ.ም. በልግ፣ መካነ ሰላም ላይ ዝናቡ አንድ ቀን ዘንቦ ሳምንት በሚጠፋበት ሰሞን፣ ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው ገቡ። በሰፈራችን የማይጾም ሰው አልነበረም። እኔ ከጾሙ ጋር ሌላም ነገር ይዤ ነበር። ረመዳን ሳይወጣ ሲጋራ ላቆም ለልጄ ቃል ገብቼ ነበር።

አዎ፣ ሲጋራ። የሸህ ምራት ነኝ። ሶላቴን አላሳልፍም። ግን አጨስ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። የምጽፈው ከዓረብ አገር ተመልሰው ጓሮ ለጓሮ ተደብቀው የሚያጨሱ እህቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። እኔ በዝምታዬ ያባከንኩትን ጊዜ እነሱ እንዳያባክኑት ብዬ ነው።

ባሌ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነው። ልጃችን ሐያት አራት ዓመት ሲሆናት ቤይሩት ሄጄ አራት ዓመት ሠራሁ። የማስታምማቸው አሮጊት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሲጋራቸውን የምለኩስላቸው እኔ ነበርኩ። ሲጋራ ካልሳቡት እሳት አይዝም። እየሳብኩ ለኩሼ ከንፈራቸው ላይ አደርግላቸዋለሁ። መጀመሪያ ያስለኝ ነበር። በኋላ ሳላስል ሳብኩ። በኋላ ለራሴም ለኮስኩ። አሮጊቷ ሲሞቱ ሱሱን ለእኔ ትተውልኝ ሞቱ።

አገሬ ስገባ አቆማለሁ ብዬ ነበር። አላቆምኩም። ከማገዶ ቤቱ ጀርባ እየሄድኩ አጨሳለሁ፣ ከዚያ ቅርንፉድ አኝካለሁ። እንድሪስ በመጀመሪያው ዓመት አወቀ። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባባ እንዳይሰሙ።»

አባባ የምንላቸው አባቱን ነው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ነው የምንኖረው። የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ። ሐያትንም ያስቀሯት እሳቸው ናቸው።

ሕመሙ የመጣብኝ በ2016 ክረምት ነው። ወፍጮ ቤት ተራ እየጠበቅሁ ልቤ በድንገት ይመታ ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ ወፍጮው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞር መሰለኝ። ሞት ነው ብዬ ሸሃዳ ያዝኩ። ጎረቤታችን አያ ተሾመ እህላቸውን ትተው ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ከማለት በቀር ምን ሆንሽ ብለው አላስቸገሩኝም። አላህ ይስጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ እየተመላለሰ ይይዘኝ ጀመር። የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» አለኝ። በርበሬ ተውኩ፤ ሕመሙ አልተወኝም። ሁለተኛው ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» አለኝ። መርፌውን ጨረስኩ፤ ሕመሙ አለ። በሦስተኛው ልቤን በማሽን አዩት። ደህና ነው ተባልኩ። ደህና ከሆነ ለምን እንዲህ ይመታል? ጎረቤት «ጂን ነው» አለ። ቁርአን ተቀራልኝ። ሲቀራልኝ ልቤ ያርፍ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ፤ ዞር ስል ግን ማገዶ ቤቱ ይጠብቀኛል።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ከሦስቱ ቤት አንድም ሰው «ታጨሻለሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሂጃቤን አዩና ጥያቄውን ዘለሉት። እኔም አልተናገርኩም። ሕመሙ ሲለቀኝ ደግሞ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ሲጋራው ነበር። የሚያረጋጋኝ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሐያት ልብስ አብራኝ እያሰጣች እንዲህ አለችኝ።

«እማ፣ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ የምታደርጊውን አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባተኛ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ። አባባ ‹የምን ሽታ ነው?› ሲሉኝ ‹ላስቲክ ተቃጥሎ ነው› እላቸዋለሁ።»

ዐሥረኛ ክፍል ገብታለች። ለሦስት ዓመት ዋሽታልኛለች ማለት ነው።

«ቁርአን ያስቀሩኝ ሰውዬ ናቸው እኮ» አለች። «አንቺን ልሸፍን ስል እሳቸውን እዋሻለሁ። እባክሽ አታስዋሺኝ።»

ያን ጊዜ ነው ቃል የገባሁላት። «ረመዳን ሳይወጣ፣ ኢንሻአላህ።»

ደሴ ሆስፒታል የሄድነው እኔና ሐያት ነን። መንገዱ በሰላም አደረሰን። በማለዳ ካርድ አውጥተን እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን። ወንበሩ ሞልቶ ነበር። ከኩታበር ልጇን ይዛ የመጣች ሴት ፊቴን አይታ ጋቢዋን መሬት ላይ አነጠፈችና «ነይ እዚህ እረፊ» አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «ሲጋራ፣ ጫት፣ መጠጥ?» አለ።

«የለም» አልኩ።

ሐያት ጎኔ ነበረች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጡት ማጥባት ሥዕል ታያለች። እንደገና ልታስዋሺኝ ነው ያለችኝ መሰለኝ።

«ሲጋራ» አልኩ።

ሐኪሙ ቀና አላለም። «በቀን ስንት?» ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎ ስላላየኝ ብቻ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግለታለሁ።

ያስረዳኝን በራሴ ቃል ልንገራችሁ። ሕመሜ የጭንቀት ሕመም ይባላል። ልብ ደህና ሆኖ ሳለ ሰውነት አደጋ የመጣ ይመስለዋል። ሲጋራ ውስጥ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን የሚባለው ነገር ነው። እሱ ሲጎድል ሰውነት ይረበሻል፤ ሲያጨሱ መረበሹ ለጊዜው ይተዋል። «ያረጋጋሽ ይመስልሻል እንጂ ራሱ ያመጣውን ነው የሚወስድልሽ፤ ጭንቀቱን ያባብሰዋል» አለኝ። ለጭንቀቱ ማታ ማታ የምውጠው ክኒን አዘዘ፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል አለኝ። ልቤ ሲመታ ቀስ ብዬ አየር እያስወጣሁ እንድቆጥር አሳየኝ። ለሲጋራው ደግሞ ያለ ጭሱ ኒኮቲኑን በቆዳ በኩል በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ ፕላስተር አለ አለኝ። «ጠዋት ትለጥፊያለሽ፣ በማግስቱ ጠዋት ትቀይሪያለሽ። ማታ ቅዠት ካስቸገረሽ ስትተኚ አንሺው። ለጥፈሽ ደግሞ እንዳታጨሺ።»

ፕላስተሩ መካነ ሰላም የለም። ደሴም መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞርን፤ አንዱ ለቁስል የሚሆን ፕላስተር አወጣልን። በመጨረሻ ቤይሩት አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ፈልጋ ላከችልኝ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በሻዕባን አጋማሽ ጀመርኩ። በየጠዋቱ ክንዴ ላይ እለጥፋለሁ፣ እጅጌዬ ይሸፍነዋል። ሲጋራ ትዝ አይለኝም አልልም፤ ግን ትዝታ ብቻ ሆነ። ለሁለት ሳምንት አንድም አልነካሁም። ሕመሙም አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ቆጥሬ ሸኘሁት። ሐያት ጠዋት ጠዋት ክንዴን ነካ አድርጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ከዚያ ረመዳን ገባ፤ እኔም ያችን ስሕተት ሠራሁ።

ይህ ነገር ሰውነቴ ውስጥ ይገባል አልኩ። ሲጋራ ጾም ያፈርሳል፤ ይህ ደግሞ የሲጋራው ወንድም ነው። ማንን ልጠይቅ? ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ከግድግዳዬ ማዶ አሉ። በረመዳን መስአላ፣ የዲን ጥያቄ፣ ይዞ የሚመጣ ሰው ከበራቸው አይጠፋም። ስለ ዓይን ጠብታ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ጥርስ ሳሙና ሲጠየቁ ሲመልሱም ይሰማኛል። እኔ ግን ብጠይቅ «የምን ፕላስተር?» ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ለራሴ ፈረድኩ፤ ጥንቃቄ ይሻላል ብዬ ጎህ ሳይቀድ ሱሑር በልቼ ፕላስተሩን አነሳለሁ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ሰግጄ አዲስ እለጥፋለሁ። አላህን የፈራሁ መስሎኝ ነበር። የፈራሁት አማቴን ነው።

ቀኑን ሙሉ ያለ መድኃኒት፣ ሌሊቱን ሙሉ ከመድኃኒት ጋር ሆንኩ። በሕልሜ የቤይሩቷ አሮጊት እየመጡ «ለኩሺልኝ» ይሉኛል። ነቅቼ አድራለሁ። ቀን ደግሞ ከእኩለ ቀን በኋላ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰው ሲያናግረኝ ልጮህበት ይቃጣኛል። ቆጠራውም አልያዘልኝ አለ። ለደሴው ሐኪም ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። በማግስቱም የለም። በአቅራቢያችን ካለው ክሊኒክ ሄድኩ። «ታይፎይዱ ተመልሷል፣ ጨጓራሽም ባዶ ሆኖ ነው፤ ጾሙን ፍቺ» አሉኝ። እንደገና ታይፎይድ! ስቄ ላልቅ ነበር፤ መሳቂያ አቅም አልነበረኝም እንጂ። የፕላስተሩን ጊዜ እንዳዘዋወርኩ ለማንም አልተናገርኩም። ነገሩ ከዚያ ይሆናል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም።

እንድሪስም ተማረረ። ለደንበኛ የሰፋውን ሱሪ ተኩሼ ሳቃጥለው ከእጄ ነጠቀኝ።

«ስታጨሺ እንኳ ሰላም ነበርን» አለኝ።

ለሰባት ዓመት «አባባ እንዳይሰሙ» ብቻ ያለኝ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ያ ቃል ከሕመሙ በላይ አመመኝ።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን አፍጥረን መግሪብ ከሰገድን በኋላ ፕላስተሬን ለጠፍኩ። ከዚያ ማገዶ ቤት ሄጄ እንጨቱ መሐል የቀረችኝን አንዲት ሲጋራ አወጣሁና ለኮስኩ። ገና ሁለቴ ስስብ ራሴ ዞረ፤ ያፈጠርኩትን ሁሉ አስመለስኩ። ሐያት በስልኳ መብራት መጣች። ሲጋራው መሬት ላይ ይጨሳል።

ከግድግዳው ወዲያ የአባባ ድምፅ መጣ። «ሐያት! ምንድን ነው የሚሸተው?»

እኔን አየችኝ።

«ላስቲክ ነው፣ አባባ» አለች።

«አይ ይህ ሰውዬ!» አሉ እሳቸው፤ ማንን እንደሆነ አልገባኝም።

ሐያት ሲጋራውን ረገጠችው። «በረመዳን አስዋሽሽኝ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ፊቴን ካጠብኩ በኋላ የፕላስተሩን ካርቶን ይዛ መጣች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ጠዋት ነው የሚለው፣ እማ። ሐኪሙም ጠዋት ነው ያለሽ። አንቺ ለምን ማታ ታደርጊዋለሽ?»

«ጾም ነዋ።»

«ያፈርሳል ያለሽ ማነው?»

ማንም አላለኝም።

«አባባን ጠይቂያቸው» አለች። «የሰባት ቤት ሰው ከሩቅ እየመጣ ይጠይቃቸዋል።»

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ሄድኩ። ቁርአን የሚቀሩት ልጆች ሄደዋል፤ አባባ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሐያት በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ መስአላ አለኝ።»

«በይ፣ ልጄ።»

«ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ጾም ያፈርሳል?»

«የምን መድኃኒት ነው?»

የወገብ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። በሩ ላይ ያለችው ልጄ ታየችኝ።

«የሲጋራ ማቆሚያ ነው።»

«ሲጋራ? ማን ነው የሚያጨሰው? እንድሪስ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሙስባሃው ቆመ።

«በዚህ ግቢ?»

«በዚህ ግቢ። ሰባት ዓመቴ ነው።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ሐያት፣ ላስቲኩስ?»

«ላስቲክ አልነበረም፣ አባባ። አፉ ይበሉኝ።»

«እኔ ደግሞ» አሉ፤ ድምፃቸው ከቁጣ ይሁን ከሳቅ መለየት አቃተኝ፤ «እኔ ደግሞ ተሾመን ላስቲክ አታቃጥልብኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ! ሰውዬው ላስቲክ የሚባል በቤቴ የለም ቢለኝ ‹እድሜህ ገፍቶ ትዋሻለህ› ብዬው ሰላምታ ከተወኝ ሰነበተ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከወፍጮ ቤት ደግፈው ያደረሱኝ ሰውዬ ናቸው።

«አምጪው እስቲ» አሉኝ። ያልተከፈተ ፕላስተር ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

«በአፍ ይገባል?»

«የለም።»

«በአፍንጫ?»

«የለም።»

«ያጠግባል? ውኃ ጥም ያስታግሳል?»

«የለም።»

«ታዲያ እንደ ቅባት ነው። ቆዳውን ቅባት የተቀባ ሰው ጾሙ ምን ሆነ? የሚታኘክ ቢሆን አይሆንም እልሽ ነበር። ሐኪሙ መቼ ለጥፊ አለሽ?»

«ጠዋት።»

«እንግዲያ ጠዋት ለጥፊ።»

ይኸው ነው። ይህን ለመስማት የፈጀብኝ ጊዜ ሁለት ሲኒ ውኃ አያፈላም። አለቀስኩ። ደስታ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። ሃያ ቀን ሙሉ ራሴን ያሠቃየሁበት ነገር መልሱ ግድግዳዬን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ። «አገሩ ሁሉ ይጠይቀኛል።»

«አፍሬ ነው፣ አባባ።»

«የማያሳፍር መስአላ ይዞልኝ የመጣ ሰው መቼ አየሁና» አሉ። ከዚያ አልተቆጡኝም ብል ውሸት ነው። «ከአላህ አትደብቂው፤ ከእኔ ደብቀሽ ልጅቱን ውሸት አስተማርሻት» አሉኝ። ያን ተቀበልኩ፤ እውነት ነው።

ማታ ስናፈጥር እንድሪስን «አንተስ ታውቅ ነበር?» አሉት። እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ሾርባውን ጠጣ።

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ አልላችሁም። ልቤ ከዚያ በኋላም መትቷል፤ ከማገዶ ቤቱ በር ላይ ደርሼ የተመለስኩበት ቀንም አለ። ኔትወርኩ ሲከፈት ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። ፕላስተሩን እያሳነሰ እያሳነሰ አስጨረሰኝ። ክኒኑን ገና እወስዳለሁ፤ እሱ አቁሚ እስኪለኝ አላቆመውም። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ አፌ አልገባም፣ አልሐምዱሊላህ። የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። ለሐኪማችሁ ሁሉንም ንገሩት፣ ባይጠይቃችሁም። መድኃኒታችሁ ከዲናችሁ ጋር የተጋጨ ሲመስላችሁ ደግሞ ለራሳችሁ አትፍረዱ፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

አባባን ጠይቄ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሱሑር በላን። ማታ የለጠፍኩትን አንስቼ ጣልኩና ሐያት አዲሱን በሌላው ክንዴ ላይ ለጠፈችልኝ፤ እንዲይዝ በመዳፏ ጫን አድርጋ ቆየች። ሰገድን። ሲነጋ ግቢ ስጠርግ አባባ ከመስጊድ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል ተጣሩ። አያ ተሾመ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከደጃቸው ደርሰዋል፤ ሁለቱ አልተያዩም።

«ሰዓዳ! ለጠፍሽ?»

ሰፈሩ ሁሉ የሰማ መሰለኝ።

«ለጥፌያለሁ፣ አባባ።»

«አብሽሪ።»

አያ ተሾመ ቀና አሉ። «ምኑን ነው የምትለጥፈው?» አሉ፤ ማንን እንደሚጠይቁ ሳይታወቅ።

ሐያት ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ነበረች። በዚህ ጊዜ የምመልሰው እኔ ነኝ።

መጥረጊያዬን አስቀምጬ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። «አያ ተሾመ፣ የሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒት ነው። ያ ላስቲክ የተባለው ሽታ የእኔ ነበር። ከአባባ ጋር ያጣላኋችሁ እኔ ነኝ። አፉ ይበሉኝ።»

ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ አባባን አዩ። «እኔስ ላስቲክ የለኝም ብዬ ነበር» አሉ። አባባ «አፉ በለኝ፣ ተሾመ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሲጨባበጡ ለማየት አልቆምኩም። ሐያትን ሸኝቼ መጥረጊያዬን አነሳሁና ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ገባሁ። ሰባት ዓመት አመድና ድንጋይ ሥር የሸሸግኩትን የሲጋራ ቁራጭ በቀን፣ የግቢውን በር ከፍቼ፣ ጠርጌ አወጣሁት።